የኪራይ ድህነት

የሰፈሩ ሰው «ጥይት» የሚለውን ልጅ ትልቁ ክለብ ሲወስደው፣ ከእናቱ ይልቅ የተንሰፈሰፈችው ታላቅ እህቱ ነበረች። ፀጉር ሠሪ ናት። የቤታቸውን የፊት ክፍል ወደ መንገዱ በር አስወጥታለት፣ ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ተክላ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። አባታቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። ለልጁ የመጀመሪያውን ታኬታ የገዛለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ «ክንፉን ያዝ! ክንፉን!» ሲል የሚውለውም እሱ ነበር።

ጥይት ክለቡን በተቀላቀለ ሰሞን ወሬው ሁሉ ያስቃት ነበር። ልምምድ ሲያልቅ ባለመኪናዎቹ በፊት በር፣ መኪና የሌላቸው በጓሮ እንደሚወጡ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ጫማና ሰዓት እንደሆነ ይነግራታል። «ዕቃ አውራጅ ነው የመሰልኩት እትዬ» ብሎ ራሱ ይስቃል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሳቁ ቀረ። ከክለቡ ጋር ያዋዋለው ወኪሉ ባዋሰው ሰዓት እያጌጠ፣ መንገዱን የሚሞላ ሽቶ ተቀብቶ ይመጣል። ተቀምጦ አይበላም፤ ስልኩን ነው የሚነካካው።

«ይሄን ሥራ ብትተዪው ምን አለ?» አላት አንድ ቀን፣ ደንበኛ ፊት። «ሌቭል የሚባል ነገር አለ እኮ።»

«ሌቭልህ ከከበደህ አስቀምጠው» አለችው፣ እጇን ሳታቆም። ደንበኛዋ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ወኪሉ ራሱ መጣ፤ የጥይትን የሕይወት ታሪክ ለቴሌቪዥን የሚቀርጽ አንድ ካሜራ ያዥ አስከትሏል። ጥይት ከኋላቸው ነው። ወኪሉ ወንበሩን በሶፍት ጠርጎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ተነስቶ ቤቱን እንደ ገዢ ይዞር ጀመር።

«ይሄ ፍሪጅ ይወጣል። መጋረጃውም።»

«ምነው? ምን ሆነ?» አለች እህትየው።

«ምንም አልሆነም የኔ እህት። ደህና ነው። ችግሩ ደህና መሆኑ ነው።» ከዚያ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን አለሰለሰ። «ደጋፊ የሚወደው ከጭቃ የወጣ ልጅ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ታሪክ አላቸው። አንዱ ጎዳና ያደረ ነው፣ አንዱ ከእንጀራ እናት ያመለጠ። የእናንተ ልጅ ምን አለው?»

«አባት ነበረው» አሉ እናትየው ከጥግ፣ ቀስ ብለው።

«እሱን እናስተካክለዋለን፣ እናቴ። ጠጪ ነበር እንላለን። ሰክሮ ይገባና ይማታል፣ የልጁን ኳስ በቢላ ይቀድዳል። ሰው አንጀቱን ይበላዋል።»

እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እህትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል።

«አንተ፣ ሰውየው የሚለውን ትሰማለህ?»

«ዝም ብሎ ፊልም እኮ ነው እትዬ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ደግሞ እሱ ሞቷል፣ ምን ይጎዳዋል?»

እህትየው ከወንድሟ ሽቶና ከወኪሉ ለስላሳ ድምፅ የትኛው እንደባሰባት አታውቅም፤ ብቻ በሩን በርግዳ ከፈተችው።

«ሙት ወቃሽ ቤቴ አይቀመጥም። ውጡ።»

ወጡ። ግን ፊልሙ አልቀረም። ከቆሻሻው ቦይ አጠገብ አንድ የፈራረሰ ቤት ተከራዩ፣ አንዲት አሮጊት እናቱን ሆነው እንዲቀመጡ፣ አንዲት ወጣት እህቱን ሆና እንድታለቅስ አመጡ። እህትየው ይህን ያወቀችው እንደ ማንም ሰው በቴሌቪዥን ነው፤ ሳሎኗ ውስጥ፣ ደንበኞቿ መሐል። ወንድሟ የማያውቃቸውን ሴትዮ አቅፎ «አባቴ ሰክሮ ሲገባ አልጋ ሥር እደበቅ ነበር» ይላል። እንባውም የእውነት ነበር። የቀፈፋት እሱ ነው፤ ያን እንባ ከየት አመጣው?

ከሁሉ የባሰው ግን የጎረቤቱ ነገር ሆነ። ከመካኒኩ ጋር አብረው የኖሩ ሰዎች፣ ቀብሩ ላይ ያለቀሱ ሰዎች፣ ፊልሙን ካዩ በኋላ ያልነበረ ነገር ያስታውሱ ጀመር።

«ለካ ያኔ ሲወላገድ ያየሁት ለዚህ ነው» አለች አንዷ፣ ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ።

«እግሩ ላይ የመኪና ማንሻ ክሪክ ወድቆበት ነው ያነክስ የነበረው» አለች እህትየው። «አንቺም ሆስፒታል ጠይቀሽዋል።»

«እንዴ፣ የገዛ ልጁ ይዋሻል?»

እህትየው የሴትየዋን ፀጉር ጨርሳ ሸኘቻትና እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጠበች።

ጥይት በዚያ ዓመት ስሙ ገነነ። ትልቅ ቤት ተከራየና እናቱን ሊወስድ መጣ። እህትየው «አይሂዱ» አለች። እናትየው ግን «ልጄ አይደል? ቢያጠፋስ ወዴት እጥለዋለሁ?» ብለው ሄዱ። ሳምንት ሳይቆዩ ግን፣ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው በታክሲ ተመለሱ።

«ምነው እማዬ?»

መጀመሪያ ውሃ ጠየቁ። ጠጥተው ሲጨርሱ፣ «እንግዳ መጣ» አሉ። «የቡድን ጓደኞቹ። ግድግዳው ላይ ከዚያች ከፊልሟ ሴትዮ ጋር የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ ልጅ ወደ እኔ እያየ ‹እኚህስ ማናቸው?› አለው።»

«እና ምን አለ?»

«‹አክስቴ ናት› አለ።» እናትየው ሳቁ፤ ሳቅ ከተባለ። «የወለድኩት ልጅ አክስት አድርጎ ሰደደኝ።»

በማግሥቱ ጥይት ራሱ እየነዳ መጣ። ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ ብዙ ለፈለፈ። አንዴ ከተነገረ መመለስ እንደሌለ፣ እውነቱ ቢወጣ መልበሻ ክፍል ውስጥ መሳቂያ እንደሚሆን፣ ከእሱ ኋላ ቦታውን የሚጠብቅ መዓት ልጅ እንዳለ። እህትየው ሰምታ ጨረሰች።

«በዚያው ቴሌቪዥን ቀርበህ አባቴ አይጠጣም ነበር በል። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ይጥሉኛል፣ እትዬ።»

«ይጣሉሃ።»

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አልተናገረም። እስከ ዛሬም አልተናገረም።

እናትየው ግን የእሱ ጨዋታ ያለ ቀን ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገቡና፣ ድምፁን አጥፍተው ያያሉ። ሲጠለፍ ይሳቀቃሉ፤ ሲያገባ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እህትየው ይህንን በበሩ ስንጥቅ ታያለች፣ ይህም ይጎፈንናታል። ለእናቷ ግን አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም።