ቅቤ የቀባኋቸው ኳሶች

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለማስከተብ ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ነርሷ ጥጥ በአልኮል ነክራ የልጄን ጭን ስትጠርግ ሽታው ሽው አለኝና ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ልጄ ታለቅሳለች፣ እኔ እስቃለሁ።

"ምነው እናት፣ ደስ አለሽ እንዴ?" አለችኝ ነርሷ።

አፈርኩ። አልኮል ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ መርፌ ሳይሆን ኳስ ነው ብላት ምን ትለኛለች? ልጄን አዝዬ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ ግን ያ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም።

ከሁምቦ ወደ ሶዶ የመጣሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። ሁምቦ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ የበቆሎውን ቅጠል እንደ ወረቀት ይጠቀልለዋል። ሶዶ ስደርስ ክረምቱ አልወጣም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ሁለት ነጠላ ደርቤ ነበር ሥራ የምገባው።

ሥራው አንድ አዲስ መዝናኛ ቤት ውስጥ ነበር። ከፊት ለፊት ቁርጥ ሥጋ ይበላል፣ ከኋላ ቦውሊንግ ይጫወታሉ። ላላያችሁት ልንገራችሁ፦ ባለ ሦስት ቀዳዳ ከባድ ኳስ ነው። ጣት አስገብተው ያነሡትና በረጅም የእንጨት መንገድ ላይ ያንከባልሉታል። ጫፍ ላይ የቆሙትን ጠርሙስ የሚመስሉ አሥር እንጨቶች ከጣለ ጭብጨባ ነው። መጀመሪያ ሳየው ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ይጫወታሉ ብዬ ተገረምኩ። የእንጨቱ መንገድ ኳሱ እንዲንሸራተት ጠዋት ጠዋት ስስ ዘይት ይቀባል። ያንን የሚሠሩት ጋሽ ባሳ ነበሩ፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከቦምቤ የመጡ ዝምተኛ ሰው። ኳሶቹ ከመንገዱ ዘይት ይዘው ይመለሳሉ፤ እነሱን ማጽዳት የእኔ ሥራ ሆነ።

ሥራ አስኪያጇ እትዬ ፅጌ ከአዲስ አበባ የመጣች ፈጣን ሴት ናት። ወላይትኛ አትሰማም። እኔ ደግሞ አማርኛ ብሰማም ለመናገር አንደበቴ ይታሰር ነበር። ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ፤ ሰው ሲስቅብኝ ጭራሽ እዘጋለሁ። ስለዚህ ለምትለኝ ሁሉ "እሺ" ነበር የምላት። የኳስ ማጽጃው ፈሳሽ ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር። ሲያልቅ ባዶውን ጠርሙስ አሳየኋት።

"በሳሙና እጠቢው። ዋናው ንጹሕ መሆኑ ነው" አለችኝ።

"እሺ" አልኩ።

አጠብኩት። ሲደርቅ ግን ኳሱ ግርጥት አለ፣ በሽተኛ መሰለ። እናቴ ቤት የታጠበ ነገር እንዲሁ አይተውም። የእንጨት ገበታው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ቅቤ ይቀባል፤ ቅሉም እንደዚያው። ሰው እንኳ ታጥቦ ሳይቀባ ከቤት ቢወጣ እናቴ "ምን ሆኖ ነው፣ ሐዘን ላይ ነው?" ትላለች። ታጥቦ ያልተቀባ ነገር እኛ ዘንድ አልጸዳም። እናቴ ለፀጉሬ ብላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የላከችልኝ ለጋ ቅቤ ነበረኝ። ከዚያ በጣቴ ጫፍ ቆንጠር አድርጌ አንዱን ኳስ ቀባሁትና በጨርቅ አሸሁት። መስታወት ሆነ! ፊቴን አየሁበት። አሥራ ሁለቱንም ቀባሁ።

እትዬ ፅጌ ስታይ "እንዲህ ነው ሥራ!" ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ቤቱ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገነችኝ ያን ቀን ነው። በምን እንዳበራሁት አልጠየቀችም፤ እኔም አልነገርኳት። ሽታውም ቢሆን አላጋለጠኝም፤ ቁርጥ በዳጣና በቅቤ የሚበላበት ቤት ውስጥ ቅቤ ሸተተ ብሎ ማን ይጠይቃል? በየቀኑ አጥቤ በየቀኑ እቀባ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ከሚስቱ ጋር መጣ። ኳሱን አነሣ፣ እጁን ወደ ኋላ ወሰደ፤ ወደ ፊት ሊወረውር ሲል ኳሱ ከእጁ ሾለከና ወደ ኋላ ወደቀ። ሚስቱ ከኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከእግሯ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ የወለሉን ሴራሚክ ሰነጠቀው። ሴትየዋ ጮኸች።

እትዬ ፅጌ እየሮጠች መጣች። ይቅርታ ጠይቃ ሰዎቹን ከሸኘች በኋላ ወደ ጋሽ ባሳ ዞረች።

"ዘይቱን ስንቴ ቀንስ ብዬሃለሁ? ኳሱ ተዘፍቆ ነው የሚመለሰው!"

እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የምትላቸው።

"በክዳኑ ለክቼ ነው የቀባሁት። እንደ ሁልጊዜው" አሉ ጋሽ ባሳ።

"ታዲያ ኳሱ ምን ነክቶት ነው የሚሾልከው? እግሯ ተሰብሮ ቢሆንስ? ሰኞ ጠዋት ቁልፉን አስረክብ። በቃ።"

ሴራሚኩን እንድጠርግ ተላክሁ። ኳሱን ላነሣ ጣቴን ሳስገባ ሙልጭ አለብኝ። ሳሸተው የእናቴ ቅቤ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ተጠራቅሟል። ቀና ስል ጋሽ ባሳ የዘይቱን ጣሳ ክዳን ደጋግመው ያገላብጣሉ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆን ብለው ይመስለኛል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ስብከቱ አንድም አልገባኝም። በልቤ አማርኛ እየደረደርኩ ነበር። "ጥፋቱ የእኔ ነው።" "ጥፋቷ የእኔ ናት።" የትኛው ነው ትክክሉ? ማታ ጎደሬ ቀቅዬ ሁለት ጊዜ እንኳ አልጎረስኩም። ብናገር ሥራዬን አጣለሁ፣ ወደ ሁምቦ ተመለስኩ ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ ማንም አያውቅም። የከበደኝ ማንም አለማወቁ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ባሳ ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። እትዬ ፅጌ ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ወላይትኛ ነው። እሑድ የደረደርኩት አማርኛ ሁሉ ጠፋ። ቅቤውን፣ እናቴን፣ ገበታውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።

እትዬ ፅጌ እኔንና ጋሽ ባሳን ተራ በተራ አየች። "ምንድን ነው የምትለው?"

ከእኛ ሌላ የሚያስረዳት ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጋሽ ባሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

"ዘይቱ በዝቶ ነበር ነው የምትለው። ኳሱ ላይ ያለውንም በደንብ አልጠረግነውም፤ ሁለታችንም አጥፍተናል ትላለች" አሉ።

ለመናገር እንጂ ለመስማትስ አማርኛ አይቸግረኝም። ሰውየው ሥራቸው ከቁልፉ ጋር ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ የእኔን ጥፋት እየተካፈሉኝ ነበር።

"አይደለም!" አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። "እንደዚህ አላልኩም። እሱ አላጠፋም። ዘይቱ ልክ ነው። እኔ ነኝ፣ ቅቤ ቀባሁ።" "እሳቸው" ማለት እንኳ ጠፍቶብኛል።

"ቅቤ?" አለች እትዬ ፅጌ። "የምን ቅቤ?"

"የእናቴ" አልኩ። ቀጥዬም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ "ለጋ ነው" አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። ተቆጥታ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መሆኑ ገባኝ። "ለጋ ነው ትለኛለች እኮ! እኔ ቁርጥ የምበላው በበሰለው ነው፣ ኳሱ በለጋ ይቀባል!" ሳቋ ሲያልቅ ፊቷ ኮስተር አለ። ቁልፉን ወደ ጋሽ ባሳ ገፋችው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ባሳ" አለች። ወደ እኔ ዞራ "አንቺ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ቅቤውን ታወጪያለሽ። ከኳሱ ካልወጣ አንቺ ትወጫለሽ" አለችኝ።

ከጋሽ ባሳ ጋር ገበያ ወጣን። የማጽጃ ዕቃ የሚያከፋፍሉ አንድ የስልጤ ሰው ነበሩ። ኳስ ቅቤ ቀባን ስንላቸው መቁጠሪያቸውን አቁመው አዩን።

"በረኪና ቀለሙን ይበላዋል። ቤንዚን ኳሱንም ቤቱንም ያጠፋላችኋል። ለቅቤ ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ነው። የቀረውን በአልኮል ጥረጉት፤ እሱን ፋርማሲ ጠይቁ" አሉን። ከዚያ ለእኔ ብቻ ዝቅ አድርገው "የእኔ ልጅ፣ ቅቤ ተርፎሽ ከሆነ ለኳስ ከምትሰጪው እኔ ጋ አምጪው" አሉኝ።

ጋሽ ባሳ መጀመሪያ በተሰነጠቀ አሮጌ ኳስ ላይ አስሞከሩኝ። አልኮሉ ቀለሙን እንዳልነካ ካየን በኋላ ወደ ደኅናዎቹ አለፍን። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፤ እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ቃጫም አይሆንም፣ ይቧጭራል። ቀዳዳዎቹን በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ እየጎረጎርን አወጣነው። ተጫዋች እንደጨረሰ ኳሱ ሳይቀዘቅዝ ከተጠረገ ቅባቱ ቶሎ እንደሚለቅ ያወቅሁትም ያን ሳምንት ነው።

"ማብረቅረቁ አያታልልሽ" አሉኝ ጋሽ ባሳ። "ጣትሽን ጫን አድርገሽ ጎትቺው። ሲጥ ካላለ አልጸዳም።"

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ኳስ ሲጥ አለ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ያን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ቅዳሜ ያ አስተማሪ ተመልሶ መጣ፤ ሚስቱ ግን በዚህ ጊዜ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ኳሱ ከእጁ የወጣው እሱ ሲለቀው ነበር። ያን ቀን ሁለት ሰው የሚያጠግብ ጎደሬ ብቻዬን በላሁ።

ቤቱ ከጊዜ በኋላ ተዘጋ። እትዬ ፅጌ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ። ጋሽ ባሳ ቦምቤ ገብተው ዝንጅብል ይተክላሉ። ከክትባቱ በኋላ ናፍቀውኝ ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሸምግለዋል፣ ዝምታቸው ግን ቀንሷል። ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ሳለ እጄን ይዘው፣

"ይህችን ልጅ ታውቋታላችሁ? በስድሳ ዓመቴ አንድ ጊዜ ብዋሽ ሰው ፊት ያጋለጠችኝ እሷ ናት!" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤታቸው ትኩስ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልኝና ቀና ብዬ እያየኋቸው በላሁ። ያን ሰኞ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን እዚያ ቤት ገብቼ መጉረስ አልችልም ነበር።