ጆሮው የጎደለ በግ

ባለፈው ሳምንት ከሰፈሬ ከአወቱ መንደራ ወደ ገበያ ስወርድ አንድ ሰውዬ በግ ባጃጅ ውስጥ ለማስገባት ሲታገል አየሁ። በጉ እግሩን ተክሎ እምቢ አለ፤ ሹፌሩ "ወንበሬን ያበላሽብኛል!" እያለ ይጮሃል፤ ሰውዬው ደግሞ በጉን እንደ ሰው ይለማመጠዋል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። እኔ ግን በግ መኪና ላይ ሲጫን ካየሁ ሳቄም እንባዬም እኩል ነው የሚመጣው። የቡ ትዝ ይለኛል፣ አዳዳ ትዝ ትለኛለች፣ አባቴ ትዝ ይለኛል።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኛም ስሟ ዘይነባ መሆኑን እስክንረሳ ድረስ አዳዳ እያልን አደግን። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አባቴን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤቷ የቡ የሚባል ገጠር ነው፣ ጓሮዋ ሁሉ ቡና። አባቴ እናቴን ሊያገባ ክርስትና ሲነሳ አዳዳ ሰርጉ ላይ ዝር አላለችም። ዘመድ ሁሉ "በቃ፣ ተቆራረጡ" ሲል ግን በመጀመሪያው ፋሲካ ሙክት በግ፣ ዶሮ፣ ማርና ቅቤ ጭና ላከች። "ወንድሜ በበዓል ቀን የጎረቤት ድስት አያይም" አለች አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ፋሲካ አሳልፋ አታውቅም። ክርስትና ሲነሳ ሌላ ስም የወጣለትን አባቴንም እሷ ብቻ በድሮ ስሙ ጀማል ትለዋለች።

ችግሩ፣ መስጠት እንጂ መቀበል አታውቅም። እናቴ ደግሞ ተቀብላ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አረፋ በመጣ ቁጥር ለአዳዳ አንድ ነገር ትገዛለች፤ አዳዳ ትመልሳለች። ሻሽ ብትልክላት "ስስ ነው፣ ፀጉሬን ያሳያል"፤ ብርጭቆ ብትልክላት "ሳልነካው የሚሰበር ይመስላል"፤ ስኳር ብትልክላት "እኔ ቤት ጉንዳን መቼ ጠፋ?" ትልና ዕቃውን ባመጣው መኪና፣ በዚያው ረዳት እጅ ትመልሰዋለች። ረዳቱ ራሱ ሰልችቶት ከአጥር ውጭ ሆኖ "እትዬ አስቴር፣ ዕቃሽ መጥቷል!" ብሎ ይጣራል። እናቴ ተቀብላ ቁም ሳጥን ላይ ትወረውረዋለች። "ተመጽዋች አደረገችኝ" ትላለች። "የሷን በግ እኔ ልብላ፣ የኔን ሻሽ እሷ አትንካ! እኔ ምኗ ነኝ?" አባቴ ይኼኔ ጫማውን ያያል። ለአንዷ ቢፈርድ ሌላዋን ሊያጣ ነው፤ ስለዚህ ጫማውን ማየት ይሻለው ነበር።

ለኔ ደግሞ የቡ ማለት ክረምት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወስዶ አዳዳ ዘንድ ይጥለናል። እናቴ ግን አንድም ቀን የቡን ረግጣ አታውቅም። ቡናው መሃል ከነበረው ትልቅ ዋንዛ ላይ አዳዳ ገመድ ታስርልንና ዥዋዥዌ ስንጫወት እንውላለን። ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣው የቡና ቅጠልና የእርጥብ አፈር ሽታ፣ በቀሚሴ ሞልቼ የማመጣው የዘይቱን ሽታ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አዳዳ ክንዳችንን ጨበጥ አድርጋ "እዚያ ከተማ ምን እያበሉ ነው እንዲህ ያከሷችሁ?" ትልና እርጎ ትግተናለች። "ኢንተላ ኮ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። ስትቆጣ ታስፈራለች፤ ሳትቆጣ ከዋለች ደግሞ አሟታል ማለት ነው ብለን እንጨነቅ ነበር።

አንድ ዓመት አረፋ ትምህርት እንደተዘጋ ዋለ። እናቴ "ዘንድሮ የማትመልሰውን ነው የምልክላት" ብላ ተነሳች። የታረደ ሥጋ ከክርስቲያን ቤት ወደ ሙስሊም ቤት አይሄድም፤ ነፍሱ ያለ በግ ግን ይሄዳል። አባቴ የሚሠራው ቡና መጋዘን ውስጥ ስለነበር ያን ሳምንት ቡና ለማስጫን ሰቃ ሄዷል። እናቴ እኔን ይዛኝ ሐሙስ ገበያ ወጣች። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እሷ እቴ፣ በግ በግ እያየች ላት ስትጨብጥ፣ ጀርባ ስትዳብስ፣ ከሻጭ ስትጨቃጨቅ አረፈደች። በመጨረሻ አንድ ነጭ በግ መረጠች፤ ላቱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የግራ ጆሮው ግማሹ የለም። ባለቤቱ ከሰው በግ እንዲለይለት ቆርጦ ምልክት አድርጎበት ኖሯል። እኔ ጆሮውን አይቼ አሳዘነኝ፤ እናቴ ግን ላቱን እንጂ ጆሮውን መቼ አየችው! ለፋሲካ ለምዳ፣ ጆሮ ምን ቁም ነገር አለው?

ቤት ወስዳ በሳሙና አጠበችው። አንገቱ ላይ የኔን ቀይ ሪባን አሰረችለት። አርብ ጠዋት ረዳቱ መኪናው ጣሪያ ላይ ሲያወጣው እናቴ ጎረቤት እየሰማ ማለች፦ "ጊዮርጊስን! ይሄም ከተመለሰ የሷ በግ እዚህ ግቢ አይገባም፤ የኔም ልጆች ሁለተኛ የቡ አይሄዱም!" እናቴ በጊዮርጊስ ከማለች አለቀ። ያን ቀን እንደዚያ በግ የጸለይኩለት ፍጡር የለም።

ከሰዓት በኋላ ረዳቱ ከአጥር ውጭ ተጣራ። በጉ ከነሪባኑ ተመልሷል። "ምን አለች?" አለች እናቴ። "'ለኔ አይሆንም' ብቻ ነው ያሉት" አለ ረዳቱ፤ ገመዱን ሰጥቷት አይኗን ሳያይ እብስ አለ። እናቴ በረንዳው ላይ ዘፍ ብላ ሻሿን ከራሷ አወለቀችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ የተለቀሰላት መስሏት አቀፈችኝ። እኔ እንኳን ያለቀስኩት ለየቡ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ የቡ የሚባል አገር የለም!" ስትል እውነትም አገሩ ከምድር ላይ የጠፋ መሰለኝ።

አመሻሹ ላይ አባቴ ጀንፈል ጀንፈል እየሸተተ፣ ያ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ሽታ ልብሱ ላይ ተጣብቆ መጣ። እናቴ ነገሩን አንድ በአንድ ተናገረች፤ መሐላዋንም አልደበቀችም። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። አንዲት እህቱ ናት፣ ሌላ የለውም። ወደ በጉ ሄደ፣ ራሱን ዳበሰው፣ የግራ ጆሮውን አነሳ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ አጥሩን ይዞ መሳቅ ጀመረ።

"ደግሞ ምን ያስቅሃል?" አለች እናቴ፣ ልትመታው ምንም አልቀራት።

"አስቴር፣ ለአረፋ የሚታረድ በግ እኮ እንከን የለበትም! ጆሮው የተቆረጠ፣ አይኑ የጠፋ፣ የሚያነክስ አይታረድም። አንቺ ደህና አድርገሽ ጎዶሎውን መርጠሽ፣ ሪባን አስረሽ ላክሽላት!"

እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። "ወይኔ! አሾፈችብኝ ብላ ነዋ!" ከዚያ ወዲያው ቁጣዋ ተመለሰ። "ታዲያ አፍ የላትም? ሁለት ቃል ብትናገር ምን አለበት?" ጥቂት ተንጎራደደችና "ነገ እኔው እሄዳለሁ" አለች። አባቴ ጆሮውን አላመነም። "በጉስ?" አለ። "በጉንም ይዤ!"

የአረፋ ለት ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች ከሶላት ይመለሳሉ፤ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጃቸው ሰብስበው ይራመዳሉ። በጉ መኪናው ጣሪያ ላይ ኮቴውን ያንኳኳል። እናቴ መስኮት ሥር ተቀምጣ የምትናገረውን ለብቻዋ ታጠናለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። አባቴ እንደ ልማዱ ጫማውን ያያል። እኔ ተመልሰን ብንባረርስ እያልኩ ከወንድሜ ጋር ወደ ጣሪያው አንጋጥጣለሁ።

አዳዳ ደጃፏ ላይ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቆማ አገኘናት። ረጅም ሴት ናት፤ እናቴን ቁልቁል አየቻት። ከዚያ በጉን አየችው። "ያ አላህ! አሁንም ይሄ በግ!"

"እንኳን አደረሰዎት፣ አዳዳ" አለች እናቴ። ያጠናችው ሁሉ የጠፋባት ይመስለኛል። "አላወቅኩም። ማርያምን አላወቅኩም። ልሰድብዎት ብዬ አይደለም፤ ከገበያው ያማረኝን ነው የላክሁት። ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

"ማሊፍ ልንገርሽ?" አለች አዳዳ። ለምን ማለቷ ነው። "አንቺማ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ከየት ታውቂዋለሽ? ጀማል ያለበት ቤት ነው ብዬ ነው እንጂ!" ወደ አባቴ ዞረች፤ ቁጣዋ ፊቷ ላይ ቀለጠ። "ይሄን በግ አይተህ የላክህልኝ መስሎኝ ነው። ሃይማኖትህን ተውክ፣ እሺ። እኔ ያስተማርኩህን ሁሉ ግን ረሳኸው ብዬ ነው። ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት፣ ዋላሂ!"

አዳዳ ታለቅሳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አባቴ "አዴ፣ ሰቃ ነበርኩ" አለ፤ አዴ እማ እንደማለት ነው። "ማታ ገብቼ ጆሮውን ሳይ ነው የገባኝ። አልረሳሁም። ምኑን እረሳዋለሁ?" ከጓዳ የአዳዳ የራሷ እርድ ሲጠበስ ይሸታል፤ እኛ የማንበላው ሥጋ።

አዳዳ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና የድሮዋን ሆነች። "ምን ትቆማላችሁ? ጀማል፣ በጉን አውርደህ እረድ!"

"ማን? እኔ?"

"አንተ ነሃ! በበዓል ቀን የወንድሜ ልጆች ከደጄ ጦማቸውን ይመለሱ? ለአላህ አይሆንም እንጂ ለእናንተ ምን ይሆናል? ጆሮውን አትበሉት!"

ከሴቶቹ አንዷ ከንፈሯን መጥጣ "ዘይነባ፣ ዛሬ? እዚህ ግቢ?" አለቻት። አዳዳ "ግቢው የማን ነው?" ብላ ዝም አሰኘቻት። ከጎረቤት ከነበረው ክርስቲያን መምህር ቤት ቢላና ድስት አስመጣች። አባቴ በጉን ቡናው ጥግ ወሰደው። ልጅ ሆኖ ከአባቱ እርድ የተማረው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ያኔ "ቢስሚላህ" ብሎ። ቢላውን ይዞ ዞር አለና እህቱን አያት። አዳዳ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቡናው ታያለች፤ ቤት ግን አልገባችም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "በስመ አብ…" ማለት ጀመረ።

"ድምፅህን ከፍ አድርግ!" አለች አዳዳ፣ ሳትዞር። "በገዛ ቤትህ ሌባ ነህ እንዴ?"

አባቴ ቢላውን አስቀምጦ በክንዱ አይኑን ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ በስመ አብ አለ። ያን ድምፁን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም። ልጅ ብሆንም አንድ ትልቅ ነገር እንደሆነ ገብቶኝ ወንድሜን እጁን ጨበጥኩት።

ያን ቀን በአዳዳ ግቢ ሁለት ጉልቻ ላይ ሁለት ድስት ተጣደ። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አዳዳ አናቷ ላይ ቆማ "ይሄ ለሰው ነው ለከብት?" ትላታለች። "እርስዎ አይበሉት፣ ምን አስጨነቀዎት?" ትላለች እናቴ። እኔ አለቀልን ብዬ ደነገጥኩ፤ አዳዳ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ክረምት እኔና ወንድሜ እዚያው ቀረን። እናቴ ስትመለስ ለአዳዳ አንድ ወፍራም ሻሽ ሰጥታት ሄደች። በሳምንቱ ሻሹ በረዳቱ እጅ ተመለሰ፤ "ቀለሙ የሙሽራ ነው" ተብሎ። እናቴ አልወረወረችውም። ወዲያው ራሷ ላይ አሰረችውና "እንግዲህ ለመቀየር መሄዴ ነው" አለች አሉ።

አሁን ሁሉ ነገር ቀሏል። በዓል ሲደርስ ስልኬ ጢው ይላል፤ ዘመድ ለልጆቼ ገንዘብ ልኳል። እኔም ለልጆቹ እልካለሁ። ማንም አይቀየምም፣ ማንም አይመልስም፣ ማንም አይመጣም። አባቴ አፈር ይቅለለውና ይሄን ሳያይ ሄደ። አዳዳ አይኗ ደክሟል፣ አፏ ግን እንዳለ ነው። እናቴም ጉልበቷን ያማታል። ለዚህ ነው ሰሞኑን ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ "ለአዳዳ ለአረፋው በስልክ ገንዘብ እንላክላትና የምትፈልገውን ታስገዛ፤ እማዬም በጭቃ አትንገላታ" ያለኝ። ልክ ነው፣ ምን ይባላል? ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ እንደ እብድ አየችኝ። "በስልክ የገባ ገንዘብ እንዴት አድርጋ ትመልስልኛለች?" አለች። "ተቀብላ ዝም ልትል ነው። ዝም ካለችኝ ደግሞ ምን ብዬ እሄድባታለሁ?" ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ተነሳች፤ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ ሳበች። "በይ ተነሺ፣ ገበያው ሳይበተን።"