መርፌ እንዳታስነካት

ክረምት ሲገባ ወደ መደቤ የሚመጣው ሰው ሁሉ ተደባድቦ የመጣ ይመስላል። አንዱን ብርድ መትቶታል፣ አንዱን ጉንፋን ጥሎታል፣ አንዷን ራሷን ይፈልጣታል፣ ሌላዋን ጎኗን ይወጋታል። እኔ አምቦ ገበያ ውስጥ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተውም፣ የሰው ፊት አይቶ ሕመሙን በመለየት የሚበልጠኝ የለም ብዬ አምን ነበር። አፍንጫው እየፈሰሰ በላይ በላዩ የሚያስነጥሰው ጉንፋን ይዞታል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እሰጠዋለሁ። ምራቁን ሲውጥ ዓይኑን የሚጨፍነው ቶንሲል ነው፤ ከእኔ የሚገዛው ነገር ስለሌለ ወደ ፋርማሲ ሂድ ብዬ እመክረዋለሁ። ድንገት ትኩሳት ተነስቶበት ከንፈሩ ዙሪያ ውሃ የቋጠረው ደግሞ ምች ነው፤ ለእሱ ዳማከሴ አለኝ።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ክረምት፣ ከእጃጂ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ አንድ ገበሬ መደቤ ፊት ቆመ። ዝናቡ የላስቲክ ጣሪያዬን እየቀጠቀጠው ስለነበር ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተን ነው ያወራነው። ሚስቱ ከታመመች ሦስት ቀኗ ነው። ከገበያው ጀርባ እህቷ ቤት አስተኝቷት ነው የመጣው። ጠዋት ክሊኒክ ወስዷት ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሆንለት ነው፤ የገበሬውም አማርኛ ከገበያ አያልፍም። ምን አሏት ብዬ ጠየቅሁት።

“ምች ነው አሉኝ፣ አዴ” አለ። “መርፌ ግን ጻፉላት።”

አዴ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ወይዘሮ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ብዙ የለም። ምች የመታው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ላይ የጠዋቱ ዳማከሴ ሊጠወልግብኝ ነው። ትስላለች ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። እንዴት ትተነፍሳለች አላልኩም። ወረቀቱን ሊያሳየኝ ከኪሱ ሲያወጣ እንኳ፣ ይበሰብስብሃል፣ መልሰው አልኩት።

“መርፌ እንዳታስነካት። ይህን ጨምቀህ አጠጣት፣ በተረፈው ግንባሯንና ደረቷን እሻት። ነገ ትነሳለች።”

ሁለት እስር ገዛ፣ መረቀኝና ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ዱላ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ምት ነጭ ሽንኩርቱን በተነው። ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ ስወድቅ ላዬ ላይ ወጥቶ የሹራቤን አንገት ጨመደደው። አጄፍቴ ይለኛል፤ ገደልሻት። ፊቴ ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብ ይሁን እንባው አላውቅም። ለማወቅም ጊዜ አልነበረኝም፣ ትንፋሽ አጥሮኛል።

የገበያ ሰው ለገላጋይነት ይዘገይ ይሆናል እንጂ ለዱላ ይፈጥናል። ከጎኔ ጨው የሚሸጠው ጎረቤቴ የሚዛኑን ብረት ይዞ ዘለለ፣ ኩሊዎቹ ተከተሉት፣ ሰውዬው ከሥር ሆነ። ሌባ መስሏቸው የሚረግጡት ነበሩ፤ ምንም ሳይመስላቸው የሚረግጡት ይበዙ ነበር። አፉ ደም ሞላ። እኔ ጭቃው ላይ ተቀምጬ፣ አልዋሽም፣ በልቤ በርቱ እል ነበር።

ኮቱ ሲቀደድ ያ ወረቀት ከኪሱ ወጥቶ አጠገቤ ወደቀ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ከሞነጫጨረው በታች በአማርኛ ሁለት ቃል ጽፎበታል፦ የሳንባ ምች። ሰውዬው የሚያውቃትን ሁለተኛዋን ቃል ብቻ ይዞ ነው የወጣው። እኔም ከእሱ ተቀብዬ ቅጠል ሸጥኩባት። ሁለቱ በሽታዎች በስም ይገናኙ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልገኝም፤ ወንድሜን የቀበርኩት በሳንባ ምች ነው።

ልቀቁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። የሰማኝ የለም። ስለዚህ ላዩ ላይ ወደቅሁበት። አንድ ሁለት እርግጫ ለእኔም ደረሰኝ፤ አንዱን ማን እንዳቀመሰኝ አውቃለሁ፣ እስከ ዛሬ ዝንጅብል የሚገዛው ከእኔ ነው። እግሩ ሁሉ እስኪቆም ጠበቅሁና በሕይወት አለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ደሙን ተፋና፣ ትተነፍሳለች አለ።

እየሮጥን እህቷ ቤት ገባን። ግድግዳ አስደግፈዋታል፤ ስትጋደም ትታፈናለች። አየር በሳበች ቁጥር አፍንጫዋ ይነፋል፣ በጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሳል ሲነሳባት በሁለት እጇ ጎኗን ጨብጣ ትንፈራገጣለች። በጣሳ የተፋችው አክታ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። ግንባሯ እኔ በሸጥኩት ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ያስቆምነው ባጃጅ ሹፌር የባሏን ደም አይቶ ጠብ ውስጥ አልገባም አለ። በደህናው እጄ አንገቱን አንቄ ሆስፒታል በር ድረስ አስነዳሁት።

ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ሰኩላት፣ መርፌውን ጀመሩላት። ሐኪሟ፣ ዛሬን ባትመጡ ኖሮ ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እዚያው የባሏን ከንፈር ሰፉ፣ የእኔን ትከሻ በፋሻ አሰሩ። ሁለታችን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አደርን።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ስገባ ትራሷን ተደግፋ ባሏን ትጠይቀዋለች፦ ወረቀቱን ተቀብለህ ስታበቃ መርፌውን ለምን ከለከልከኝ? ትከሻዬን የሰበረ ሰው ስሜን ለማንሳት ከበደው።

“መርፌ እንዳያስነካሽ ያልኩት እኔ ነኝ” አልኳት። “ሳልጠይቅ።”

ጠጋ በይ አለችኝ። ድምጿ ስለደከመ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። ግሉኮስ በተሰካበት እጇ በጥፊ አጮለችኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ፣ መርፌው ከተሰካበት ደም ብልጭ አለ። ባሏ ብድግ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው። ከዚያ ኩባያዋን አነሳችና ዘረጋችልኝ። አጥሚቱን ቀዳሁላት።