ፊት በርና ጓሮ

አባታቸው ሲሞቱ አሮጌው ቤት ለሁለቱ እህትማማቾች ተከፈለ። አደባባዩን የሚያየውና የተጠረበ የእንጨት በር ያለው ወገን ለታላቋ ደረሰ፤ የውሃ ጉድጓዱ ያለበት የጀርባው ለታናሿ። ሰፈርተኛው ታላቋን «ፊት በር»፣ ታናሿን «ጓሮ» ማለት ጀመረ፤ በዚያው ቀረ።

ፊት በር ድርሻዋን የእንግዳ ማረፊያ አደረገችው። ጥንታዊቷን ከተማ ሊያይ የመጣ ቱሪስት ሁሉ በሯ ላይ ፎቶ ሳይነሳ አያልፍም። ጓሮ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋው ለጀርባው ሰፈር ሰው ነው። እዚያ የቱሪስት እግር አይደርስም።

ሰው ሁሉ ጓሮ በእህቷ የምትቀና ይመስለው ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን ቤት አንድ ዝቅ ያለ በር ያገናኛቸዋል። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች ጓሮ ደጃፍ ቁጭ ሲሉ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ፣ ሐሜቱና ሳቁ በዚያ በር ሾልኮ ይገባል። ፊት በር አንሶላ እያጠፈች ትሰማለች። ሲስቁ አንጀቷ ያርራል። ዝም ሲሉ ደግሞ «እኔን እያሙ ነው» ብላ ጆሮዋን ታቆማለች።

የባሰባት የእናታቸው ነገር ነው። እናትየው የሚኖሩት ፊት በር ጋ፣ ፀሐይ የሚገባበት ምርጥ ክፍል ውስጥ ነው። ቁርሳቸውን ከቀመሱ በኋላ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው በዚያ በር ወደ ጓሮ ሹልክ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም አልጎደለብኝም። ወሬ አምሮኝ ነው።»

አንድ ቀን ፊት በር ግንበኛ ጠራች። «ጫጫታው እንግዶቼን ረበሸብኝ፤ ይህን ዝቅ ያለ በር ድፈንልኝ» አለችው። ግንበኛው ድንጋዩን እስከ ጉልበት እንዳደረሰ፣ እናትየው ትራሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ከች አሉ።

«ልጄ፣ እስቲ እጅህን ስጠኝ» አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት ደግፎ አሻገራቸው።

«እማዬ! ወዴት ነው?»

«አንቺ ዝጊው እንጂ። እኔ በየትኛው ወገን እንደምቀር ግን አልጠየቅሽኝም።»

ግንበኛው አንዴ እሷን፣ አንዴ ድንጋዩን እያየ ቆመ። «ይቅር» ብትል በቀላሉ ያልቅ ነበር። እልህ ያዛት።

«ምን ትገተራለህ? ጨርስ!»

ጥቂት ቀን አንጀቷን አስራ ቆየች። ከዚያ አልቻለችም፤ በውጭ ዞራ ልትሄድ ወጣች። ተወልዳ ባደገችበት ከተማ መንገድ ጠፋት። መተላለፊያው በቤቶች ሥር እየገባ ይወጣል፤ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ነው። በጥንቱ ግንብ ላይ የልብስ ገመድ ተወጥሯል። ወድቆ የቀረ ዐምድ ላይ ሴቶች ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ፈራሽ ጉልላት ሥር የተቀመጠ ጫማ ሰፊ ቀና ብሎ አያትና፣

«የጓሮ እህት አይደለሽም እንዴ? በግራ ታጠፊ። እናታችሁ ደህና ናቸው፤ አሁን እንኳ ሲስቁ ሰማኋቸው» አላት።

«ሲስቁ» ያላት ነገር እንደ እሾህ ወጋት።

ስትደርስ እናቷ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ሾርባ ይጠጣሉ። «ትንሽ ጨምሪልኝ» ሲሉ ሰማች። እሷ ቤት እንዲህ ብለው አያውቁም። በሩ ላይ እንደቆመች እንባዋ መጣ።

«እትዬ፣ ግቢ እንጂ!» አለች ጓሮ፣ በርጩማ እየሳበች።

ፊት በር ግን ዓይኗን ከእናቷ አልነቀለችም። «እኔ ጋ አንድ ቀን ጨምሪልኝ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ማንን ልበል? ሳህኑን የምታመጣልኝ ሠራተኛሽ ናት። አንቺ መቼ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ?»

ፊት በር ገብታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

ግድግዳውን «አፍርሱት» ለማለት እስከ ዛሬ አፏ አልታዘዘላትም። ከሰዓት በኋላ ግን ዞራ ትሄዳለች። ቅናቱም አለቀቃትም፤ ከእናቷ ጎን ሌላ ሴት ተቀምጣ ካገኘች ፊቷ ይጠቁራል።

በቅርቡ ደግሞ ማረፊያዋ ያደሩ ባልና ሚስት ወደ ጓሮ ስትሄድ ካሜራቸውን አንግተው ተከተሏት። «በዚህ በኩል ምን አለ? ብናይ ደስ ይለናል» አሏት።

«ኧረ ምንም የለም! የቆሻሻ መድፊያ ነው» ብላ ወደ አደባባዩ መለሰቻቸው። ጥግ እስኪዞሩ ቆማ ጠበቀችና ብቻዋን ወደ ጓሮ መተላለፊያ ገባች።