ባሌ ሲስቅ አፉን የሚሸፍንበት ምክንያት

ባሌ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ገና ስንተዋወቅም እንደዚያው ነበር፤ ዓይን አፋር መስሎኝ ወደድኩት! ጥርሱን ልብ ብዬ ያየሁት ከተጋባን በኋላ ነው። ቡናማ ነው፤ አንዳንዱም ላዩ ቦርቦር ያለ። ሲጋራ አያጨስም፣ ጫት አይቅምም። ያደገው አሁን ከምንኖርባት ከአሰላ ቁልቁል፣ ዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ቆላ ነው። እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ አርፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። «ከምን የመጣ ነው?» ስለው «የዘር ነው፤ እናቴም እንዲሁ ናት» ይልና ወሬ ይቀይራል።

የልጃችን የወተት ጥርስ መነቃቀል ሲጀምር ሰውዬው ሰላም አጣ። ጠዋት ጠዋት «እስቲ አሳዪኝ» እያለ በስልኩ መብራት ድዷን ይፈትሻል። አንድ ቀን ከመታጠቢያው በኩል ለቅሶዋን ሰማሁ። ስገባ የደቀቀ ከሰል በጣቱ ይዞ ጥርሷን ይፈትጋል። ምራቋ ደም ቀላቅሏል።

«ኧረ ምን ነካህ አንተ ሰው!»

«ሳይጠቁርባት ልቅደመው ብዬ ነው» አለኝ። «እኔንም እናቴ እንዲህ ታደርገኝ ነበር። ለትምህርት አሰላ ስመጣ ልጆቹ ‹ዝገት› ይሉኝ ነበር። እሷን ማንም እንዲህ እንዲላት አልፈልግም።»

ከሰሉን ነጥቄ ደፋሁት። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን አንጀቴን በላው።

ለአረፋ አማቴ ከቆላ፣ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከኢተያ መጡ። ወንድምየው ወሬኛ ነው፤ ምግብ ቀርቦ እየበላን አንድ ነገር አውርቶ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሳቀ። ጥርሱ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ እስከዛሬ ልብ አላልኩትም! የጎረስኩትን እንኳ ሳልውጥ «አንተ፣ የእናት የአባቱ ልጅ ነህ አይደል?» አልኩት።

አማቴ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። «ያ ረቢ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ስለ ጥርሱ ነው!»

ወንድምየው በሳቅ ፈረሰ። አማቴም ቀስ ብለው ፈገግ አሉና ነገሩን አስረዱኝ። ታናሹን እንደወለዱ ታመው ስለነበር፣ ገና እግር ሳይተክል እህታቸው ወስዳ እዚሁ አሰላ አሳደገችው።

«ታዲያ ዘር ከሆነ እሱን ለምን ዘለለው?» አልኩ። ባሌ መብላቱን ትቶ የወንድሙን አፍ ያይ ነበር።

በዓሉ እንዳለፈ ባሌን፣ ልጄንና አማቴን ይዤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ የባሌን አፍ ገና ከማየቷ «ያደጉት የት ነው? የጉድጓድ ውሃ ነበር የሚጠጡት?» አለችው። እንዴት አወቀች? ደስ አለኝ፤ እንደኔ የምትጠይቅ ሰው አገኘሁ! በዚያ አካባቢ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን እንደሚበዛ፣ ጥርስንም ገና በሕፃንነት ድድ ውስጥ ሲሠራ እንደሚለውጠው አስረዳችን። በዘር አይተላለፍም፤ ከሰልም አያስለቅቀውም፣ ይልቁንም ጥርሱንና ድዱን ይጎዳል። ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ የምትጠጣው የአሰላን ውሃ ስለሆነ በዚህ በኩል እንዳንሰጋ ነገረችን። ለሁላችንም ጠዋትና ማታ ብሩሽ አዘዘች፤ ለአማቴ የወይራ መፋቂያቸውን ፈቀደችላቸው፣ ድዳቸውን ሳይጫኑ። አማቴ «ስንቱን ከሰል ፈጨሁ!» አሉ።

ባሌ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነም። በስልኩ መብራት መፈተሹን ቀጠለ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ጠራኝ። የልጅቷ የፊት ጥርስ ድዷን ሰንጥቆ ወጥቷል፤ ጫፉ እንደ መጋዝ፣ መልኩ ነጭ። ሰውዬው ዓይኑ እንባ ሞላ።

ልጅቷ ስልኩን ከእጁ ወሰደችበት። «አሁን ያንተ ተራ ነው። አሳየኝ።»

እኔን አየኝ። ከዚያ ተንበርክኮ አፉን ከፈተላት። አንድ በአንድ እያበራች አየችለት፤ በጣቷም ነካካችው።

«አባዬ፣ ይሄን ያደረገው ውሃ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ይጣፍጥ ነበር?»

«በጣም!» ብሎ ሳቀ። ቤቱን የሞላ ሳቅ ነበር፤ ሁለቱም እጆቹ ትከሻዋ ላይ ነበሩ።