የሳሊሃ ሁለት ፋይሎች

ሳሊሃ ከደሴ ወደ ወላይታ ሶዶ ስትመደብ የሚያውቃት አንድም ሰው አልነበረም። በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ናት፤ አይሲቲ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠራ፣ ሲመጣ የሚረሳ ሰው ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን ኔትወርኩ ባለውለታዋ ነበር። የቢሮው መስመር እያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር እንዲሞላለት ይፈልጋል፤ የቤት ዋይፋይ ደግሞ ያ ቁጥር ካልተነሳ አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ቁጥሩን በእሷ አስነሥቶ ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ስለሚሄድ፣ ቢሮው ጠዋት ጠዋት በጩኸት ነው የሚከፈተው።

"ሳሊሃ! ኔትወርኳ ዛሬም እምቢ አለች!" ይላሉ አቶ ኤርካሎ ከፕላን ክፍል።

እሷም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። ቁጥሩን እየሞላች ሳለ የሂሳብ ክፍሏ ክብረት ከቤት ያመጣችውን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ታቀርብላታለች፤ ስለ እናቷ ትጠይቃታለች፤ ለምን አታገቢም እያለችም ትነዘንዛታለች። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሥጋ ቤት ሲሄድ ሳሊሃ ሙስሊም ስለሆነች አብራ አትሄድም። ከሰው ጋር የምትበላው ያቺን የጠዋቷን ብቻ ነበር። የተከራየችው ክፍል ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚያወራ የለም።

ጎበዝ መሆን አንዳንዴ ጣጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላ ሁለት አጫጭር ስክሪፕቶች ጻፈች፤ ያን ሁሉ መሙላትና ማንሳት በራሳቸው የሚጨርሱ ፋይሎች ናቸው። አንዱን "ቤት"፣ ሌላውን "ቢሮ" ብላ በየሰዉ ላፕቶፕ ላይ ጫነች። ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ። አጨበጨቡላት።

"አንቺ ልጅ፣ ገላገልሽን!" ብለው መረቋት አቶ ኤርካሎ።

ከዚያ በኋላ የጠራት የለም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። የሚያገናኛቸው ሥራው ነበር፣ ሥራው አለቀ። ኮሪደር ላይ "ሰላም ነሽ?" ይሏታል፤ መልሷን ሳይሰሙ ያልፋሉ። ሳሊሃን ከፋት። በጣም ከፋት።

አንድ ሐሙስ የቢሮው መስመር ሊቀየር መሆኑ ተነገራት። አሮጌው "ቢሮ" ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም ማለት ነው። አዲሱን አዘጋጅታ በቴሌግራም ግሩፑ መላክ ትችል ነበር። አዘጋጀችው፤ አልላከችውም። ሰኞ አዲሱን ሻርፗን አድርጋ ከሁሉም ቀድማ ገባችና በሯን ከፍታ ተቀመጠች። እንዲጠሯት ነው የፈለገችው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሰዎች ገቡ፣ ወጡ፣ የሻይ ሰዓት አለፈ። ማንም አልጠራትም። ግራ ቢገባት ተነሥታ ክብረት ዘንድ ሄደች።

"ክብረት፣ ኢንተርኔት እየሠራልሽ ነው?"

"የቢሮው? ኧረ ከጠዋት ጀምሮ የለም። በስልካችን ዳታ ነው የምንሠራው፣ ሁላችንም።"

"ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?"

"አንቺን ላለማስቸገር ብለን ነዋ! ስንቱን ሠርተሽልናል፣ ትንሽ ትረፊ እንጂ።"

ሳሊሃ ጎንበስ ብላ አዲሱን ፋይል ጫነችላት። ሁለቴ ጠቅ አድርጋ ሞከረችው፤ ሠራ። ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣

"አስቸግሩኝ" አለች። "በአላህ፣ አስቸግሩኝ።"

ክብረት ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀና ብላ ስታያት ሳሊሃ እያለቀሰች ነበር።