የአባ ነጎድጓድ ፈረስ

ድሮ ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር። የአርባ ምንጩ ጡረተኛ ጸሐፊ ኤርጫፎ ግን አህያ እንኳ ሳይኖረው ራሱን «አባ ነጎድጓድ» እያለ ሃያ ዓመት የሰውን ጆሮ አደነቆረ። ዘንድሮማ «የበዓሉን ሰልፍ በፈረስ ካልመራሁ ስሜን ቀሙኝ!» ብሎ ማለ።

ዕለቱ ሲደርስ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ጋሪ ፈረስ ተውሶ፣ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ ወጣ። ፈረሱ ሰልፉን ጥሎ ወደ ለመደው ሙዝ ማራገፊያ ሄደና በሩ ላይ ተገተረ። ቢኮለኩለው፣ ቢለምነው ንቅንቅ አልል አለ።

«ጋሼ፣ ጭነቱ ካልወረደለት አይሄድም» አለች ነጋዴዋ ሻሺቱ።

«ጭነት? እኔ አባ ነጎድጓድ?»

የማራገፊያው ጫኞች ከፈረሱ ላይ አንስተው የሙዝ ክምር ላይ አሳረፉት። ፈረሱም ወዲያው ወደ ቤቱ አዘገመ።

«የፈረሱ ስም ማነው?» አለ አንዱ ጫኝ።

«ሙዜ» አለች ሻሺቱ።

ከተማው ወጉን ጠብቆ፣ ከዚያ ወዲህ «አባ ሙዜ» ይለዋል።